ኢሜይሎቼን ከስፓም የማውጣት ሥራ፦ የ9 ሳምንት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ለ1,840 ሰው ኢሜይል ላክሁ። የተመዘገበ የለም፣ የመለሰም የለም። ኦንላይን የኤክሴል ኮርስ እሸጣለሁ፤ ኢሜይሉ ለአዲሱ ዙር ምዝገባ ነበር። ማታ ላይ አንድ የድሮ ተማሪዬ «ስፓም ውስጥ ሌላ ነገር ስፈልግ አገኘሁት» ብሎ ጻፈልኝ። እሱ ባይነግረኝ ኖሮ ኮርሱ ተወደደባቸው ብዬ ዋጋ ልቀንስ ነበር።

የላክሁት ሰብጀክት ይኸው፣ ሳልደብቅ፦ «አስቸኳይ!!! 50% ቅናሽ ዛሬ ብቻ!!! እንዳያመልጥዎ»። ውስጡ አንድ ትልቅ ምስል ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ ምስሉ ላይ ተጽፏል። ከሥር ቀይ ቁልፍ አለ። ቁልፉ የሚወስደው በማሳጠሪያ ወደ ተሠራ አጭር ሊንክ ነው።

ማክሰኞ

ምንም ከመነካካቴ በፊት መለኪያ ያስፈልገኛል። 10 የሙከራ አካውንት ሰበሰብኩ፦ 4 ጂሜይል፣ 3 ያሁ፣ 3 አውትሉክ። 6ቱ የራሴ ናቸው፤ 4ቱ የጓደኞቼና የታናሽ እህቴ። ቁጥር ሰጥቻቸው በኤክሴል ሰንጠረዥ አሰፈርኳቸው (ሌላ በምን?)። ባለቤቶቹን አንድ ነገር ለመንኳቸው፦ የትኛው ፎልደር እንደገባ ብቻ ንገሩኝ፣ ከስፓም እንዳታወጡት። «ስፓም አይደለም» የሚለውን አንዴ ከጫኑ ያ አካውንት ለሙከራ አይረባም።

ያንኑ ኢሜይል ላክሁ። ኢንቦክስ የገባው 1 ብቻ።

ሐሙስ

«ስፓም የሚያስገቡ ቃላት» የሚል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቃላት ያሉት የእንግሊዝኛ ዝርዝር አገኘሁ። ቁጭ ብዬ ወደ አማርኛ መለስኩት። ነፃ፣ ዋስትና፣ ቅናሽ፣ አሁኑኑ፣ ገንዘብ፣ አሸናፊ። 2 ቀን በላብኝ። ከዚያ ከኢሜይሉ ውስጥ እየለቀምኩ አወጣኋቸው።

«ነፃ» ብቻ አስቸገረኝ። የመጀመሪያው ትምህርት እኮ በእርግጥም ነፃ ነው፤ ምን ልበለው? ብልጥ ልሁን አልኩና አንዱ ቦታ «ነፃ»፣ ሌላው ቦታ «ነጻ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ «ነ.ፃ» አልኩት፣ መሀሉ ላይ ነጥብ አስገብቼ። በሁለት ዓይነት «ፀ» ማሽን ላታልል!

ውጤት፦ 10 ከ10 ስፓም። ያቺ አንዷም ሄደች።

ሳምንት 2

ስፓም አሳሲን የሚባል የስፓም ማጣሪያ ላፕቶፔ ላይ ጫንኩ። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ጂሜይል የሚጠቀመው እሱን አይደለም፤ ጥቅሙ ለምን ነጥብ እንደሰጠ መስመር በመስመር ማሳየቱ ነው። እያንዳንዱ ጥፋት ነጥብ አለው፤ ድምሩ 5 ሲደርስ ስፓም ይባላል። ቁጥሩን መቀየር ይቻላል፣ ሲጫን ግን 5 ነው።

ኢሜይሌን አስገባሁ። የመጣውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከአማርኛ ቃላቶቼ አንዱም ነጥብ አላመጣም። የቃል ደንቦቹ የተጻፉት በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ ነው፤ «ነፃ» ይሁን «ነ.ፃ» አያውቀውም። ነጥብ ያስቆጠረብኝ ቅርጹ ነው። ኢሜይሉ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ኮድ) ብቻ ነው፣ ተራ ጽሑፍ የሆነ ቅጂ የለውም። ምስሉ ትልቅ ነው፣ ጽሑፉ ኢምንት። 2 ቀን ሙሉ የተረጎምኩት ዝርዝር ዜሮ።

የትላልቆቹ አገልግሎቶች ማጣሪያ ደግሞ ሌላ ነው፣ ከልምድ ይማራል። ሐሳቡ የቆየ ነው። በ2002 ፖል ግራሃም የሚባል ፕሮግራመር ቃላትን ከማገድ ይልቅ የስፓምና የጤነኛ ኢሜይል ክምር ለማሽን ሰጥቶ፣ የትኛው ቃል የት እንደሚበዛ ራሱ እንዲቆጥር የማድረግን ዘዴ ጻፈ። እሱ ያገኘው አንድ ነገር እስካሁን ይገርመኛል፦ በኤችቲኤምኤል ደማቅ ቀይን የሚያመለክተው ኮድ፣ ኤፍኤፍ0000፣ ስፓምን በመጠቆም ከብልግና ቃላት አያንስም ነበር። ማንም ሰው በዝርዝር ውስጥ አያስገባውም፤ ማሽኑ ግን ቆጥሮ ደረሰበት።

የእኔን ቁልፍ ቀለም አየሁ። ኤፍኤፍ0000።

ምስሉን አውጥቼ ጽሑፉን እንደ ጽሑፍ ጻፍኩት። ተራ ጽሑፍ ቅጂ ጨመርኩ። አጭሩን ሊንክ ትቼ የራሴን ዶሜይን (የድረ ገጼን አድራሻ) አደረግኩ፤ ማሳጠሪያውን ከእኔ ጋር ማን ማን እንደሚጠቀምበት አላውቅም፣ የእነሱ ኃጢአት ለእኔም ይተርፋል። ቀዩንም ሰማያዊ አደረግኩት። ስፓም አሳሲን ላይ ነጥቤ በጣም ወረደ። እውነተኛዎቹ አካውንቶች ላይ ግን ኢንቦክስ የገባው 2 ከ10። ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

ሳምንት 3

ይህን ሳምንት አንድ ቃል አልጻፍኩም። ዲኤንኤስ ብቻ (ስለ ዶሜይኔ መረጃ የሚቀመጥበት የኢንተርኔት ማውጫ)።

ጂሜይል ላይ አንድ ኢሜይል ከፍተህ ሦስቱን ነጥቦች ስትጫን «ሾው ኦሪጅናል» የሚል አለ። ከላይ ሦስት መስመር ያሳያል፦ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ። ላኪው በእርግጥ ነኝ የሚለው መሆኑን የሚፈትሹ ናቸው። የእኔ ሦስቱም ወድቀዋል። ለሁለት ሳምንት ከቃላት ጋር ስታገል ማጣሪያው እኔ ማን እንደሆንኩ እንኳ አላመነም ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋት የማይታመን ነው። ላኪው ላይ የጻፍኩት የጂሜይል አድራሻዬን ነው፤ የሚልከው ግን የሌላ አገልግሎት ሰርቨር። ለተቀባዩ ይህ በሌላ ሰው ስም እንደ መፈረም ነው። ጂሜይልና ያሁ ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ለብዙ ሰው የሚልኩትን የሚጠይቁት ነገር ጠብቋል። በቀን 5,000 እና ከዚያ በላይ ወደ ጂሜይል የሚልክ ሦስቱንም ማሟላት አለበት። እኔ እዚያ ቁጥር አልደርስም፤ ግን የራሴ ዶሜይን እያለኝ በጂሜይል አድራሻ መላኬ ስንፍና ነበር። ቀየርኩት።

ሁለተኛው፦ ኤስፒኤፍ ማለት «በዚህ ዶሜይን ስም መላክ የሚችሉት ሰርቨሮች እነዚህ ናቸው» የሚል አንድ መስመር ነው። አንድ! የእኔ ዶሜይን ላይ ሁለት ነበሩ፤ አንዱን የድረ ገጹ ሆስቲንግ ሲከፈት አስገብቶታል፣ ሌላውን እኔ ከመላኪያው አገልግሎት ገልብጬ ለጥፌዋለሁ። ሁለት ሲሆኑ እንደ ስህተት ይቆጠራል፣ አንዳቸውም አይሠሩም። አንድ ላይ አዋሃድኳቸው።

ሦስተኛው 2 ሌሊት ፈጀብኝ። ዲኪም እያንዳንዱ ኢሜይል ላይ ፊርማ ያስቀምጣል፤ ፊርማውን ማረጋገጫ ቁልፍ ደግሞ ዲኤንኤስ ላይ ይሰቀላል። ቁልፉን ገለበጥኩ፣ ለጠፍኩ፣ አስቀመጥኩ። ወደቀ። እንደገና ለጠፍኩ። ወደቀ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የተሰቀለውን ከኦሪጅናሉ ጋር ከመጨረሻው ጀምሬ አስተያየሁት፤ ጭራው የለም። በእንዲህ ዓይነት ሪከርድ ውስጥ አንድ ቁራጭ ጽሑፍ ከ255 ባይት አይበልጥም፤ የ2048 ቢት ቁልፍ ግን ከዚያ ይረዝማል። የእኔ ዲኤንኤስ ፓነል ምንም ሳይናገር ቆርጦታል። ለሁለት ከፍዬ እያንዳንዱን በጥቅስ ምልክት ውስጥ ሳስገባው አለፈ።

ዲማርክ ደግሞ ፍተሻውን የወደቀ ኢሜይል ምን ይደረግ የሚለውን ለተቀባዩ ይነግራል። «ኖን» በሚለው ጀመርኩ፤ ይህ ማለት «የወደቀውን አትንኩት፣ ሪፖርት ብቻ ላኩልኝ» ነው። ኳራንቲን (ስፓም ውስጥ አስገቡት) እና ሪጀክት (መልሱት) የሚሉት በኋላ ይደርሳሉ። ያኔውኑ ሪጀክት ብል ኖሮ የራሴን ደረሰኞች አስመልስ ነበር፤ የክፍያ ማረጋገጫ የሚልከውን ሲስተም ኤስፒኤፍ ውስጥ ረስቼው እንደነበር ከሪፖርቱ ነው ያየሁት።

ሙከራ፦ 6 ከ10። ከ6ቱ 3ቱ ጂሜይል «ፕሮሞሽንስ» በሚለው ታብ ውስጥ ናቸው። አንድ ጓደኛዬ እሱን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል፤ እኔ አልቆጥረውም። ፕሮሞሽን ነው እኮ የላክሁት።

ሳምንት 4

የሰብጀክት ሳምንት ይሆናል ብዬ ነበር። ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ተመዝጋቢ ስክሪንሾት ላከ፤ ሰብጀክቴ መሀል ላይ ሁለት ጥቁር የጥያቄ ምልክት አለ። «ቫይረስ መስሎኝ አልከፈትኩትም» ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም አልከፍተውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኢሜይል ራስጌ (ሰብጀክቱና የላኪው ስም ያሉበት ክፍል) የተሠራው ለላቲን ፊደል ነው። አማርኛ ሲገባ በሌላ ኮድ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ አንዱ ጥቅል ከ75 ፊደል መብለጥ የለበትም። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደል በሚያስቀምጥበት ኮድ) 3 ባይት ይይዛል፣ ሲጠቀለል 4 ፊደል ይሆናል። አስልቼው አንድ ጥቅል ውስጥ የሚገባው ወደ 15 የአማርኛ ፊደል ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለተኛ ጥቅል ይከፈታል። የምልከው ራሴ በጻፍኩት ትንሽ የፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) ስክሪፕት ነው፤ ስክሪፕቴ ደግሞ የሚቆርጠው ባይት ቆጥሮ ነው። «ምዝገባ» ውስጥ ያለውን «ገ» መሀሉን ሰንጥቆ 1 ባይት እዚህ፣ 2 ባይት እዚያ አስቀምጦታል። አንዳንዱ አፕ ሁለቱን አጋጥሞ ያነባል። ሌላው እያንዳንዱን ለየብቻ ሲፈታ ጥያቄ ምልክት ያወጣል። እኔ ስልክ ላይ ደህና ይታይ ስለነበር ለወራት አላየሁትም።

የራሴን ኮድ ጥዬ የፓይተንን የኢሜይል ላይብረሪ ተጠቀምኩ። 4 መስመር። ከመጀመሪያውም እንዲሁ ማድረግ ነበረብኝ።

በዚያው ሳምንት ሌላ ቂልነት። ሰብጀክት መጀመሪያ ላይ «ሪ፦» ጨምር፣ መልስ ይመስላቸዋል ያለኝ ሰው ነበር። ለ40 ሰው ሞከርኩ። ከፍተውታል፣ አልዋሽም። ሁለቱ መለሱልኝ። አንደኛው፦ «መቼ ተጻጽፈን እናውቃለን?» ሁለተኛውን እዚህ አልጽፈውም። አሳሳች ሰብጀክትን በሕግ የከለከሉም አገሮች አሉ፤ የአሜሪካው የ2003 ሕግ አንዱ ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን ሕጉ ሳይሆን ያ ጥያቄ ነው።

ሳምንት 5

ሊስቱን ማጽዳት። የዚህ ሥራ ትልቁ ወጪ ይኸ ነው።

ከ1,840ው ውስጥ 600 ያህሉን ያገኘሁት ከሌላ ሰው ነው። ሌላ ስልጠና ይሰጥ የነበረ ጓደኛ ሲያቆም «ውሰዳቸው» ብሎ ፋይሉን ሰጠኝ። ሰዎቹ እኔን አያውቁኝም። ጂሜይል የሚለው፣ ስፓም ብለው የሚከሱ ሰዎች ከ0.3% መድረስ የለባቸውም፣ ከ0.1% በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። 0.3% ማለት ከ1,000 ሰው 3 ነው። ከማያውቁኝ 600 ሰዎች ስንቱ ያንን ቁልፍ እንደሚጫን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

መጠኑን ፖስትማስተር ቱልስ በሚባለው የጂሜይል የላኪዎች ገጽ ላይ ማየት ይቻላል ተብዬ ዶሜይኔን አስመዘገብኩ። ባዶ ገጽ። ለጥቂት ሰው የሚልክ ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥር አይወጣለትም።

ሌላው ስጋት የሞቱ አድራሻዎች ናቸው። የቆየ ሊስት ውስጥ ባለቤቱ የተዋቸው ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹ ስፓም የሚልኩትን ለመያዝ ወጥመድ ሆነው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ ማንም አይመዘገብባቸውም፣ ስለዚህ እዚያ የላከ ሁሉ ተያዘ። 5 ብሎ በሚጀምር የስህተት ኮድ የተመለሰውን ሁሉ አጠፋሁ። በ4 የሚጀምረው ጊዜያዊ ነው፣ ተውኩት።

600ዎቹን ሰረዝኩ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ፣ አልደብቅም። ከድሮዎቹም አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ያልነኩትን አንድ ጊዜ ጠየቅኩ፦ «መቀጠል ይፈልጋሉ?» ያልመለሰ ወጣ። የቀረው 870። አዲስ የሚመዘገብ ከአሁን በኋላ መጀመሪያ በኢሜይሉ የሚደርሰውን ሊንክ ተጭኖ ያረጋግጣል።

ሙከራ፦ 7 ከ10።

ሳምንት 6

አሁን ወደ ቃላት። የድሮውን ጽሑፍ ለእህቴ በስልክ አነበብኩላት፦ «ውድ ደንበኛችን፣ እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎ የልዩ ቅናሻችን ተጠቃሚ ለመሆን ተመርጠዋል። ይህን ወርቃማ ዕድል አሁኑኑ ለመጠቀም ከታች ያለውን ይጫኑ!»

ዝም አለች። ከዚያ «ይሄማ ሎተሪ ደረሰህ የሚሉት ሰዎች ጽሑፍ ነው» አለች።

ልክ ናት። በማሽን ተተርጉመው የሚመጡ የማጭበርበሪያ ኢሜይሎች እንዲህ ነው የሚናገሩት። ማን መረጠህ፣ ለምን፣ አይታወቅም። ደግሞ ከላይ «እርስዎ» ያልኩትን ሰው ከታች «አያምልጥህ» ብዬዋለሁ፤ ሴት ብትሆንስ? ከሁለት ቦታ ገልብጬ መለጠፌ ያስታውቃል። ማሽኑ ቢያሳልፈው እንኳ ሰውየው ራሱ ስፓም ብሎ ይጥለዋል፤ የሰው ክስ ደግሞ ለሚቀጥለው ኢሜይሌ ጠንቅ ነው።

አዲሱ፣ ከ4ኛ ሙከራ በኋላ፦

ሰብጀክት፦ «የኤክሴል ኮርስ ምዝገባ ሰኞ ይከፈታል»

«ሰላም። ይህ ኢሜይል የደረስዎ ነፃውን የፒቮት ቴብል ትምህርት ሲወስዱ አድራሻዎን ስለሰጡኝ ነው። የአዲሱ ዙር ምዝገባ ሰኞ ይጀምራል፤ ኮርሱ 6 ሳምንት፣ በሳምንት 2 ቪዲዮ። ባለፈው ዙር ያማረራችሁት የድምፅ ችግር ተስተካክሏል፣ ማይክ ቀይሬያለሁ። እስከ ዓርብ ለሚመዘገብ ቅናሽ አለ። ጥያቄ ካለ ለዚሁ ኢሜይል ይመልሱ፣ የማነበው እኔ ነኝ።»

«ነፃ» ተመለሰች። «ቅናሽ»ም። መሀላቸው ላይ ነጥብ የለም፣ ሁለት ዓይነት «ፀ»ም የለም። 8 ከ10። («ያማረራችሁት» የሚለው ከ«እርስዎ» ጋር አይሄድም፤ ያየሁት ከላክሁ በኋላ ነው።)

ሳምንት 7

መውጫው። ኢሜይል አይላክልኝ የሚል ሰው ከሊስቱ የሚወጣበት ሊንክ ማለቴ ነው። የድሮው ኢሜይሌ ላይ መውጫ ሊንኩ ነበር፤ ግን በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ፣ በጉንዳን መጠን። እንዳይወጡብኝ ነበር። መውጫ ያጣ ሰው ግን ከላይ ያለውን ትልቁን የስፓም ቁልፍ ያገኛል። በዚያ ላይ አንዱ ኢሜይሌ ጨርሶ መውጫ አልነበረውም፦ ከዎርድ ገልብጬ ስለጠፍኩት በማይታይ ኮድ አብጦ፣ ጂሜይል ደግሞ ከ102 ኪሎባይት በላይ የሆነውን ከታች ይቆርጠዋል።

ቃሉም አከራከረኝ። «ደንበኝነትን ሰርዝ» ብዬ ነበር። አንዲት ተማሪ የከፈለችበት ኮርስ የሚሰረዝባት መስሏት ደወለች። «ከዝርዝሩ ውጣ» ቁጣ ይመስላል። አሁን «እነዚህ ኢሜይሎች ይቁሙልኝ» ይላል።

ከዚያ በአንድ ጠቅታ የሚያስወጣውን የራስጌ መስመር ጨመርኩ፤ ጂሜይል ከላኪው ስም አጠገብ ቁልፍ አድርጎ ያሳየዋል። በማግስቱ 23 ሰው ወጣ። ሁሉም በአንድ ደቂቃ ውስጥ፣ ሁሉም ከአንድ መሥሪያ ቤት። ሰዎቹ አልነኩትም፤ የመሥሪያ ቤታቸው የደህንነት ስካነር ኢሜይሉ ሲደርስ ውስጡ ያለውን ሊንክ ሁሉ ከፍቶ ይፈትሻል። የእኔ ሊንክ ደግሞ ሲከፈት ብቻ ያስወጣ ነበር። ደንቡን ሳነብ ለካ ይህንኑ አስበውበታል፦ የራስጌው መውጫ የሚሠራው በፖስት ጥያቄ (ቁልፉ ሲጫን በሚላክ ትዕዛዝ) ነው፣ ተራ መክፈት አያስወጣም። አስተካከልኩ። ከታች ያለው ሊንክም አሁን አንድ ማረጋገጫ ቁልፍ ያለበት ገጽ ይከፍታል። 23ቱን ይቅርታ ጠይቄ መለስኳቸው።

ሳምንት 8

«ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር ማየት አቆምኩ። አፕል ከ2021 ጀምሮ በሜይል አፑ ምስሎችን ሰው ሳይከፍት ቀድሞ ያወርዳል፤ ቁጥሩ ያለ ሰው ይጨምራል። የምቆጥረው መልስና ምዝገባ ነው።

ዶሜይኑ ለመላክ አዲስ ስለሆነ በአንዴ ለሁሉም አልላክሁም። መጀመሪያ 50፣ ከዚያ 100፣ ከዚያ 200። የጀመርኩት በቅርብ ከመለሱልኝ ሰዎች ነው። አሰልቺ ነው፣ ሌላ የሚጻፍ የለውም።

ሳምንት 9

ለ870 ሰው ተላከ። 31 መልስ፣ 19 ምዝገባ። 6 ሰው በመውጫው ወጣ።

የሙከራ አካውንቶች፦ 9 ከ10። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ጊዜ ስፓምን ያልለቀቀው ቁጥር 7 ነው። ጂሜይል ነው፣ ከሌሎቹ 3 ጂሜይሎች በምንም አይለይም። ግማሽ ቀን ራስጌውን ስመረምር ዋልኩ። ሦስቱም አልፈዋል። ዲማርክ ደህና። ሊንክ ደህና። ቁጥር 7 የእህቴ አካውንት ነው። ደወልኩላት።

«ምናልባት የሆነ ፊልተር አለሽ?»

«የለኝም። ስፓም ብዬህ ግን አውቃለሁ።»

«መቼ?»

«ዱሮ ነው፣ ሙከራ ምናምን ከማለትህ በፊት። በየሁለት ቀኑ ‘አስቸኳይ’ ትል ነበር እኮ፣ ወንድም ጋሼ።»